የበርጩማችን ንድፍ የማን ነው? ስለ ወረስነውና ስለ ጨመርነው

ዋንዛ ጠራቢ (ጅማ)፣ መጋቢት 4

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ከጥር ወር ጀምሮ ሲያብሰለስለኝ የቆየ ጉዳይ ይዤ ቀርቤአለሁ፤ ርዝመቱን ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ።

በጅማ ከተማ በእንጨት ሥራ ስተዳደር ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ሙያውን የተማርሁት ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው መንገድ ዳር ሲሠሩ ከኖሩ አንድ አዛውንት ጠራቢ ነው። እርሳቸው የሚሠሩትን ነባሩን የጅማ በርጩማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንድ ጉማጅ ግንድ የሚወጡ ናቸው፤ ምስማርም ሙጫም አይነካቸውም። ጠራቢው ቅርጹን በመጥረቢያ ካወጣ በኋላ መቀመጫውን በመሮ እየፈለፈለ ያጎደጉደዋል፤ ሦስት እግር ስላለውም የአፈር ወለሉ የቱንም ያህል ወጣ ገባ ቢሆን አይነቃነቅም። ይህን ያሰበው ሰው ስሙ ባይታወቅም ትልቅ ነዳፊ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን በዚህ አሠራር ከግንዱ የሚበዛው ክፍል ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል። የዋንዛ ዋጋ በየዓመቱ በሚጨምርበት ጊዜ ይህ ከባድ ኪሳራ ነው፤ በርጩማውም ከባድ ስለሚሆን ቡና የምታፈላ ሴት ስድስቱን ከጓዳ ወደ ደጅ ለማመላለስ ትቸገራለች። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ እየሠራሁና እያፈረስሁ አዲስ ንድፍ አወጣሁ። መቀመጫው ከወፍራም ሳንቃ ይወጣል፤ ጎድጓዳነቱን እንደ ነባሩ ጠብቄዋለሁ። እግሮቹ ለየብቻ ይጠረቡና የላይኛው ጫፋቸው እንደ ምላስ ሆኖ መቀመጫውን በስቶ ይወጣል። ምላሱን ሰንጥቄ ከወይራ የተሠራ ጥቁር ሽብልቅ እመታበታለሁ። ሽብልቁ የመቀመጫውን እንጨት የጅማት አቅጣጫ አቋርጦ መግባት አለበት፤ ከጅማቱ ጋር ከሄደ ግን ሳንቃውን ይሰነጥቀዋል። በዚህ ምክንያት በቀላው የዋንዛ መቀመጫ ላይ ሦስት አጫጭር ጥቁር መስመሮች ጎን ለጎን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ይታያሉ። እግሮቹም ወደ ውጭ ከፈት ስለሚሉ አንዱ በርጩማ በሌላው ላይ ይደረደራል።

ባለፈው ዓመት ግንቦት 20 ቀን በከተማችን በተደረገ ባዛር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አቀረብሁት። አንድ ሰው ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሥቶ ሁለት ገዛኝ፤ ደስ አለኝም። በጥር ወር አንድ ደንበኛዬ በሌላ ከተማ ካለ የቤት ዕቃ መሸጫ የገዛውን በርጩማ አምጥቶ አሳየኝ። የእኔው ነበር። ገልብጬ ሳየው እግሮቹ በሙጫና በምስማር ተያይዘዋል፤ ሽብልቅ የሚባል ነገር የለውም። ሦስቱ ጥቁር መስመሮች ግን በቦታቸው ነበሩ፤ በቀለም ተሥለው! በጥፍሬ ስፍቀው ተላጠ።

የነጋዴውን ስም እዚህ ማንሣት አልፈልግም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሕጋችን ይህን ሥራዬን ያውቀዋል? ደግሞስ በርጩማው ከአባቶቻችን የመጣ ሆኖ ሳለ እኔ "የእኔ ነው" ለማለት ምን መብት አለኝ? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ እንቅልፍ ይነሣኛል።


የሂርማታ ነጋዴ፣ መጋቢት 4

ወንድሜ፣ ሐዘንህ ይገባኛል፤ ሆኖም የተለየ ሐሳብ አለኝ። እኔ በሂርማታ ገበያ የቤት ዕቃ ስሸጥ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በርጩማ እንደ ጀበና ነው፤ የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ዕቃ ነው። አንዱ ጠራቢ የሌላውን እያየ በመሥራቱ ነው ጅማ በበርጩማዋ የታወቀችው። አንተ ራስህ የመቀመጫውን ጎድጓዳ ከአዛውንቱ ስትወስድ የከፈልኸው ነገር አለ? ዛሬ አንዱ "ይህ ቅርጽ የእኔ ነው" ቢል ነገ ሌላው ሦስት እግርን በሙሉ የእኔ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ በመንገድ ዳር ቡና ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ እናት በርጩማ የምትገዛው በስንት ብር ሊሆን ነው? ቅጂው ርካሽ በመሆኑ የተጠቀመ ድኻም እንዳለ አትርሳ። ይህን የምለው ክርክር ለማንሣት ብዬ ሳይሆን የማገለግላቸውን ገዢዎች ስለማውቅ ነው።


የኪቶ ተማሪ፣ መጋቢት 5

አንድ ነገር ልጠይቅ። "ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ" የሚባለው ጥበቃ ለፋብሪካ ምርት ብቻ የተደነገገ ይመስለኝ ነበር። በእጅ የሚጠረብ ዕቃ በዚህ ውስጥ ይገባል?


የሕግ መምህር፣ መጋቢት 5

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ ብዙ የእጅ ባለሙያዎችን ከደጅ የሚመልሰው ይህ ቃል ነውና። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ስለ ፈጠራ፣ ስለ አነስተኛ ፈጠራና ስለ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የወጣ ሕግ ነው። ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የሚለው የመስመሮችን ወይም የቀለሞችን ቅንብር ወይም ባለ ሦስት ገጽታ ቅርጽን ሲሆን፣ ይህ ቅንብር ወይም ቅርጽ ለኢንዱስትሪ ወይም ለእደ ጥበብ ውጤት ልዩ መልክ የሚሰጥና ለምርቱ እንደ ሞዴል የሚያገለግል መሆን አለበት። እደ ጥበብ በሕጉ ትርጉም ውስጥ በስሙ ተጠርቷል። ስለዚህ የዋንዛ በርጩማ ከፋብሪካ ወንበር እኩል በሕጉ ፊት ይቆማል።

ጥበቃ ለማግኘት ንድፉ አዲስና ተግባራዊ ጥቅም ያለው መሆን ይገባዋል። አዲስነቱ የሚለካው መሠረታዊ ገጽታዎቹ በጠቅላላው ሲታዩ በአገር ውስጥ ወይም በውጭ አገር ከአንድ ዓመት በላይ ከታወቀ ሌላ ንድፍ የተለዩ በመሆናቸው ነው። "በጠቅላላው" የምትለዋን ቃል አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ለነጋዴው ወንድማችን ሥጋትም መልሱ ከዚሁ ይገኛል፤ ሦስት እግርም ሆነ ጎድጓዳ መቀመጫ ከጥንት የታወቀ ስለሆነ ማንም ሰው ለብቻው ሊያስመዘግበው አይችልም። ነባሩ በርጩማ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይኖራል። የሚመዘገበው የዚህ ወንድማችን ልዩ ቅንብር ብቻ ነው፤ ማለትም የሳንቃው መቀመጫ፣ የእግሮቹ አከፋፈትና ሦስቱ ጥቁር መስመሮች አብረው የሚሰጡት መልክ ነው።

የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 5 ዓመት ይጸናል። ንድፉ በኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠም ሁለት ጊዜ ለየ5 ዓመቱ ሊራዘም ይችላል፤ ስለዚህ ከ15 ዓመት አያልፍም። ከዚያ በኋላ የሁሉም ይሆናል። ማመልከቻው የሚቀርበው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ ልመለስ፤ ጉዳዩን ሳነብ ደጋግሜ ያሰብሁት ስለ እርሱ ነውና። የንድፍ ጥበቃ አንድን ቴክኒካዊ ውጤት ለማስገኘት ብቻ የሚያገለግልን ነገር አይሸፍንም። ተከራካሪ ወገን "መስመሮቹ የሽብልቅ ጫፍ ናቸው፣ ሽብልቅ ደግሞ ማጥበቂያ ነው፣ ስለዚህ ንድፍ አይደሉም" ሊል ይችል ነበር። ነገር ግን ቀጂው ሽብልቁን ትቶ መስመሮቹን በቀለም ሣላቸው። በዚህ ድርጊቱ መስመሮቹ ምንም ነገር ሳያጠብቁም ለዓይን ዋጋ እንዳላቸው ራሱ መሰከረ። ያንን በርጩማ አይጣሉት፤ የተላጠውን ቀለም እንደተላጠ ይያዙት።

በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1871 የተወሰነ፣ ስለ ማንኪያና ሹካ እጀታ ንድፍ የተነሣ የጎርሃም ጉዳይ የሚባል የታወቀ ክርክር አለ። ፍርድ ቤቱ መመሳሰልን መለካት ያለበት የባለሙያ ዓይን ሳይሆን ዕቃ ሲገዛ የተለመደውን ያህል ጥንቃቄ የሚያደርግ የተራ ገዢ ዓይን ነው አለ። የእኛን ፍርድ ቤቶች የሚያስገድድ ባይሆንም መለኪያው ለዚህ ጉዳይ ይረዳል፤ ጠራቢ ገልብጦ ልዩነቱን ያያል፣ ገዢ ግን ቁጭ ይልበታል እንጂ አይገለብጠውም።

አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። ለሕዝብ የታየው ግንቦት 20 ከሆነ ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ብቻ ቀርቶታል። ከዚያ ካለፈ የእርስዎው በርጩማ በእርስዎው ማመልከቻ ላይ "የታወቀ ንድፍ" ሆኖ ሊቆምበት ይችላል።


የጥለት ነዳፊ፣ መጋቢት 6

መምህር፣ ስለ ማብራሪያዎ አመሰግናለሁ። እኔ በጅማ የምኖር የባህል ልብስ ነዳፊ ነኝ፤ ጥለቱን በወረቀት ላይ ነድፌ ሸማኔዎቹ ድሩን ከመወጠራቸው በፊት ክሮቹን አብረን እንቆጥራለን። አንድ የጥለት ጌጥ በስንት ክር እንደሚዞር፣ የቱ ቀለም ከየቱ አጠገብ ሲሆን እንደሚደበዝዝ፣ ጥለቱ በቀሚሱ ጠርዝ ሲታጠፍ መሐሉ የት ላይ እንደሚውል አስቀድሜ ካላሰብሁ ሸማኔው ሳምንት የደከመበት ይበላሻል። ብዙ ሰው ግን "ነዳፊ" ሲባል መጨረሻ ላይ ጌጥ የሚለጥፍ ሰው ይመስለዋል።

የወንድማችን በቀለም የተሣለ ሽብልቅ በእኛም ሙያ አለ። በሽመና የተሠራ የሚመስል፣ ነገር ግን በፋብሪካ ጨርቅ ላይ የታተመ ጥለት በየገበያው ይሸጣል። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ነው፤ ጀርባውን ሲገልጡት ክር የለበትም።

ሕጉን በተመለከተ አንድ ታሪክ ላካፍላችሁ። በእንግሊዝ አገር የንድፍ ጥበቃ የጀመረው ከጨርቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1787 የወጣው ሕግ በተልባ እግርና በጥጥ ጨርቅ ላይ ለሚታተሙ አዳዲስ ንድፎች የሁለት ወር ጥበቃ ብቻ ሰጠ። ሁለት ወር ሲባል ያስቃል፤ ለእኔ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው። አንድ ጥለት የሚሸጠው ከእንቁጣጣሽ እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ከተቀዳብኝ ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሰጠኝም አይክሰኝም። ለእኛ ከጥበቃው ርዝመት ይልቅ የምዝገባው ፍጥነት ይበልጥብናል፤ ሕግ አውጪዎች ይህን ቢያስቡልን መልካም ነበር።

የነጋዴውን ወንድማችንን ጥያቄም አልሸሸውም። ከእናቶቻችን የወረስነው ጥለት የማን ነው? የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 የግል ንብረትን ሲተረጉም ተጨባጭ ያልሆነ ውጤትንም ያካትታል፤ እንደ አግባቡም በሕግ በተለየ ሁኔታ በጋራ የንብረት ባለቤት እንዲሆኑ የተፈቀደላቸውን ማኅበረሰቦች ይጠቅሳል። በሩ እንግዲህ በሕገ መንግሥት ደረጃ ተከፍቷል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት ቢደነግግም ከጄኔቲክ ሀብት፣ ማለትም ከዕፀዋትና ከእንስሳት ዘር ጋር የተያያዘውን ዕውቀት የሚመለከት ነው፤ ጥለትንና በርጩማን አይነካም። ይህ ክፍተት ያሳስበኛል።


ፊደል ቀራጭ፣ መጋቢት 7

የእኔ ሙያ ሩቅ ቢመስልም ከበርጩማው ጋር የሚያገናኘው ነገር ስላለ እጽፋለሁ። የግእዝ ፊደል ለኮምፒውተር እቀርጻለሁ። "ሐመሩ ሐ"ን ተመልከቱት፤ ሦስት እግር ያለው በርጩማ ነው። ፊደሉ በትልቁ ሲጻፍ ውብ ነው፤ በስልክ ላይ ሲያንስ ግን መካከለኛው እግር ከጎንና ከጎኑ ጋር ተጣብቆ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ መካከለኛውን ትንሽ ማቅጠን፣ የጎኖቹን ክፍተት ማስፋት ይገባል። ይሁንና አንዱን ፊደል ከነካሁት ከ33ቱ ቤተሰብ በ7 እየተባዛ የሚመጣውን 231 ፊደል ሁሉ መፈተሽ አለብኝ፤ አለዚያ ገጹ አንድ እጅ የጻፈው አይመስልም። ዋንዛ ጠራቢ ሽብልቁ ጅማቱን አቋርጦ እንዲገባ ያደረገበት ምክንያት ቁሳቁሱ ስላስገደደው ነው። እኔንም የሚያስገድደኝ የስክሪኑ ጥበት ነው። ግዴታውን ወደ መልክ የመለወጡ ሥራ በእንጨትም በክርም በፊደልም ያው መሆኑን ይህን ውይይት ሳነብ ነው ያየሁት።

የቅርሱም ጥያቄ በእኛ ዘንድ አለ። የፊደሉ ቅርጽ የብራና ጸሐፊዎች ውርስ ነው። በግእዝ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ የሆነው መዝሙረ ዳዊት እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ሲታተም የማተሚያ ፊደላቱ የተቀረጹት የእኛን ጸሐፊዎች የእጅ ጽሕፈት መነሻ በማድረግ ነው። ሐ የእኔ ነው ማለት አልችልም፤ "ይህን የሐ አቀራረጽ እኔ ሠራሁት" ማለት ግን እችላለሁ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የንድፍ ፓተንት እ.ኤ.አ. በ1842 ለጆርጅ ብሩስ የተሰጠው ለማተሚያ ፊደል ንድፍ እንደ ነበር ሳውቅ ብዙ ተጽናናሁ።

አንድ ሌላ መንገድም እንዳለ ልጠቁም። እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያሉ የግእዝ ፎንቶች ማንም እንዲጠቀምባቸውና እንዲያሻሽላቸው በሚፈቅድ ክፍት ፈቃድ ተለቅቀዋል። ባለቤትነት ማለት የግድ በር መዝጋት ማለት አይደለም፤ በሩን የሚከፍተውም ባለቤቱ ነው።


ቤት ነዳፊ፣ መጋቢት 8

እስካሁን ያልተነሣ አንድ ደስ የማያሰኝ ነገር ማንሣት ግዴታዬ ነው። ወንድሜ ዋንዛ ጠራቢ፣ ባለ ሦስት እግር ተደራራቢ በርጩማ አዲስ አይደለም። የፊንላንዱ አርክቴክት አልቫር አልቶ እ.ኤ.አ. በ1933 "በርጩማ 60" የተባለውን ነድፏል፤ ሦስት እግር አለው፣ አንዱ በሌላው ላይ እየዞረ ይደረደራል፣ እስከ ዛሬም ይሸጣል። አዲስነት የሚለካው በውጭ አገር በታወቀውም ከሆነ ማመልከቻህ ላይ "ተደራራቢነቱ ልዩ ያደርገዋል" ብለህ ከጻፍህ ገና በመግቢያው ትሰናከላለህ።

ይሁን እንጂ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። የአልቶ መቀመጫ ጠፍጣፋ ክብ ነው፤ እግሮቹ ከበርች እንጨት ተጎንብሰው በመቀመጫው ሥር የተያያዙ ናቸው፤ ላይ ላዩን ስታየው እግሮቹ የት እንደተያዙ አይታይም። አልቶ ያተኮረው እንጨትን ማጉበጥ ላይ ነበር፤ ለዚያ አሠራርም ፓተንት ወስዶበታል። ያንተ መቀመጫ ግን ጎድጓዳ ነው፣ መጋጠሚያውም በላይ ተገልጦ ይታያል። መደራረብ ተግባር ስለሆነ ተወው። ልዩ መልክህ ጎድጓዳው ውስጥ ተሰልፈው የሚታዩት ሦስቱ የወይራ መስመሮች ናቸው፤ እርሱን አስቀድም።

ስለ ወንበር ካነሣን፣ ንድፍ በስንት በር ወደ ሕግ እንደሚገባ የወንበርን ያህል የሚያሳይ ዕቃ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1932 የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኋላ እግር የሌለውን የብረት ቱቦ ወንበር የሆላንዳዊው አርክቴክት የማርት ስታም የኪነ ጥበብ ሥራ ነው ብሎ በቅጂ መብት ጠበቀው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ስለ አሜሪካውያኑ ቻርልስና ሬይ ኢምስ ወንበር በቀረበለት ጉዳይ፣ የኅብረቱ አባል አገሮች የተግባራዊ ሥነ ጥበብ ሥራን (እንደ ወንበር ያለ፣ ውበትም አገልግሎትም ያለውን ዕቃ) የፈጣሪው አገር ተመሳሳይ ጥበቃ አይሰጥም በሚል ምክንያት ብቻ ከቅጂ መብት ሊያወጡት እንደማይችሉ ወሰነ። እኛም አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለን፤ የቅጂ መብት ምዝገባ ሳይጠይቅ ሥራው እንደ ተፈጠረ ይገኛል፤ የቤት ንድፎቼ የሚጠበቁት በዚሁ ነው። ስለዚህ በእጅህ የሣልሃቸውን ንድፎች ሁሉ ቀናቸውን ጽፈህ አስቀምጥ። ሦስት ዓመት ስትሠራና ስታፈርስ የቆየህባቸውን ያልተሳኩ በርጩማዎችም ብትይዛቸው እመክራለሁ፤ ቀጂ ያልተሳካ ሥራ የለውምና።


ዋንዛ ጠራቢ (ጅማ)፣ መጋቢት 10

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአልቶን በርጩማ በፎቶ አየሁት፤ መጀመሪያ ልቤ ደነገጠ፣ ቆይቶ ግን ደስ አለኝ። ዓለም በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ጊዜ ደክሞበታል ማለት ነው።

ያልተሳኩት በርጩማዎች አብዛኞቹ ማገዶ ሆነዋል፤ አራቱ ግን አሉ። አንደኛው ላይ ሽብልቁን ከጅማቱ ጋር መትቼው ሳንቃው ከጠርዝ እስከ መሐል ተሰንጥቋል። ሌላኛው እግሮቹ ቀጥ ስላሉ ደንበኛ ላይ ተገልብጦበት ነበር። ንድፎቹን የሣልሁት በልጄ ደብተር ጀርባ ላይ ነው፤ ቀን የተጻፈባቸው ጥቂቶቹ ናቸው።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ ለመምህር ነው። ማመልከቻው ላይ "ነዳፊ" ተብሎ የሚጻፈው ማን ነው? የሂርማታው ወንድሜ ለአዛውንቱ ምን ከፈልህ ሲለኝ መልስ አጣሁ። አራት ዓመት ከእርሳቸው ጋር ስሠራ ስለ ትምህርቱ ምንም አልተቀበሉኝም። ዛሬም እጃቸው ቢንቀጠቀጥም በየጊዜው ሄጄ ሥራዬን አሳያቸዋለሁ፤ እርሳቸውም የሚሉኝን ይሉኛል።


የሕግ መምህር፣ መጋቢት 10

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ማመልከቻ ከገባ በኋላ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት መመለሱም መልካም ነው። ሁለት ነገሮችን ይለዩ። አዛውንቱ ያስተማሩዎት ሙያና የወረሱት ቅርጽ የማንም የግል ሀብት አይደለም፤ አስተማሪ በመሆናቸው ብቻ የአዲሱ ንድፍ ነዳፊ አይሆኑም። ሆኖም አዲሱን መልክ ከሚሰጡት ገጽታዎች አንዱን እርሳቸው አስበውት ከሆነ ሥራው የጋራ ነው፤ መብቱም የጋራ ይሆናል። ይህን የሚያውቁት ሁለታችሁ ብቻ ናችሁና ሄደው ይጠይቋቸው።

የጥለት ነዳፊዋን የእኅታችንን ሥጋት በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በሪያድ የጸደቀው የንድፍ ሕግ ስምምነት አባል አገሮች ንድፉ የተነሣበትን ባህላዊ መገለጫ ወይም ባህላዊ ዕውቀት አመልካቹ እንዲገልጽ መጠየቅ እንዲችሉ ፈቅዷል። ይህ አንቀጽ እንዲገባ አጥብቀው የተከራከሩት የአፍሪካ አገሮች ናቸው። ማንም ሳያስገድድዎት በመግለጫዎ ላይ "መቀመጫው ከጅማ ነባር በርጩማ የተወረሰ ነው" ብለው እንዲጽፉ እመክራለሁ። የወረሱትን በግልጽ መለየት የጨመሩትን ያጎላዋል እንጂ አያሳንሰውም።

ለማመልከቻው ከፊት፣ ከኋላ፣ ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከላይና ከታች፣ እንዲሁም ከሰያፍ አቅጣጫ ሰባት ፎቶ ያዘጋጁ። ሕጉ የሚጠብቀው በምስሉ ላይ የሚታየውን ነው። ከበስተጀርባ ምንም ዕቃ አይኑር፤ ከላይ በሚነሣው ፎቶ ላይ ሦስቱ መስመሮች ጥላ ሳይሸፍናቸው ይታዩ።


የሂርማታ ነጋዴ፣ መጋቢት 11

መምህር የነባሩ በርጩማ በር እንደማይዘጋ ካስረዱ በኋላ ሐሳቤን በከፊል ለውጫለሁ። ጠራቢው ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ቀን የተናገርሁት ከብዶህ ከሆነ ይቅርታ።

አንድ ሐሳብ ልጨምር። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ቡና ስሞችን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ ነበር፤ በ2007 ደግሞ ከአሜሪካው ቡና ሻጭ ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ቡናውን እኛ ብቻ እናብቅል አልተባለም፤ ስሙን ግን ሌላ ሰው እንዳይወስደው ተጠበቀ። አዋጅ ቁጥር 501/1998ም ለማኅበራት የጋራ የንግድ ምልክት ስለሚያውቅ፣ የጅማ ጠራቢዎች በማኅበር ሆነው "የጅማ በርጩማ" በሚለው ስም ላይ አንድ ምልክት ቢያወጡ እኔ በሱቄ ፊት ለፊት አስቀምጬ እሸጣለሁ። የአንተ ሽብልቅ ያንተ፣ ስሙ የሁላችሁ ይሁን። ሽብልቅ ያለውን ከሌለው ለይቼ ለገዢ ለማሳየትም ቃል እገባለሁ፤ ከእንግዲህ ማንኛውንም በርጩማ ከመግዛቴ በፊት እገለብጠዋለሁ።


ዋንዛ ጠራቢ (ጅማ)፣ መጋቢት 13

ትናንት ወደ አዛውንቱ ዘንድ ሄድሁ። የእኔንም፣ በቀለም የተሣለውንም፣ ያልተሳኩትን አራቱንም ተሸክሜ ነበር። የተሣለውን ለረጅም ጊዜ በዝምታ አዩት። ቀጥሎ የእኔን ተቀብለው ጎድጓዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱና "ይኸ የእኔም አይደል፤ እኔም ከአባቴ ነው ያገኘሁት" አሉኝ። ሽብልቁን ማን እንዳሳየኝ ጠየቁኝ፤ ማንም እንዳላሳየኝና ከመጥረቢያ እጀታ አጠባበቅ እንዳሰብሁት ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ያንን ቀጥ ያለ እግር ያለውን፣ ደንበኛ ላይ የተገለበጠውን አነሡ። "ይኼን ያመጣህልኝ ቀን ምን አልሁህ?" ብለው ሲጠይቁኝ ትዝ አለኝ። እግሩን በአመድ መሬት ላይ ሥለው፣ ዝንባሌው ምን ያህል መሆን እንዳለበት በጣታቸው ያሳዩኝ እርሳቸው ነበሩ። ነባሩ በርጩማ እንደዚያ አይከፈትም፤ አከፋፈቱ በዚያን ቀን፣ ለዚያ በርጩማ የታሰበ ነበር። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ የራሴ ሐሳብ አድርጌ ይዤው ኖሬአለሁ።

ስማቸው በመታወቂያቸው ላይ እንዴት እንደ ተጻፈ ገልብጬ መጥቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይከር፣ እርሳቸው ደጅ ላይ ነጭ ጋቢ ወጥረን ሰባቱን ፎቶዎች እናነሣለን። ማመልከቻው በሁለት ስም ይገባል።